ትልቅ መኪና ፍሬኑ ለስላሳ ነው

የእህቴ ባል መኪናዋን የሸጠልን ዋሽቶ እንደሆነ ለማወቅ አምስት ወር ፈጀብኝ። በእሱ ስናደድ «ሥራው ነው» ብዬ ልለፈው እችል ይሆናል፤ በራሴ ስናደድ ግን የምለው ይጠፋኛል።

አማቻችን የመኪና ደላላ ነው። ሰፈሩ «ዜሮ» ይለዋል። የሚያሻሽጣትን መኪና ሁሉ፣ አሥራ አምስት ዓመት በሰው አገር አስፋልት ስትፈጭ የኖረችውን ሳይቀር፣ ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ «ዜሮ ዜሮ በላት!» ስለሚል ነው። ስሙን ይወደዋል። አፉ ቅቤ ነው። ከእሱ ጋር አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው መኪናውን ሸጦ፣ አመስግኖ፣ በእግሩ ይሄዳል።

አባቴ ደግሞ ሹፌር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጆችን ነድቷል። ሥራ አስኪያጆቹ ይለዋወጣሉ፤ መኪናዋ ግን ምንጊዜም ጥቁር፣ ረጅም፣ ወንበሯ ነጭ ቆዳ ነበረች። የኋላውን በር ይከፍታል፣ ጌትየው ይገባሉ፣ በሩን ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋል፣ ዞሮ ከፊት ይቀመጣል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ከኋላ ተቀምጦ አያውቅም። ኮፈኗንም ገልጦ አያውቅም። ስትታመም ለድርጅቱ ጋራዥ ፈርሞ ያስረክባል፤ ስትድን ፈርሞ ይረከባል። ሰው ሁሉ «እሱ መኪና ያውቃል» ይላል፤ እሱም እንደዚያ ያምን ነበር። የሚያውቀው ግን መንዳት ነበር።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር አማቻችን እየተጣደፈ መጣ።

«አባባ፣ ደስ ይበልዎ! የነዷትን መኪና አገኘሁልዎ። ያችኑ! ከባሕር ማዶ ገና መግባቷ ነው። አንድ ሽማግሌ ሐኪም በሳምንት አንዴ ሥራው ደርሶ ይመለስባት ነበር አሉ። ዜሮ ዜሮ በሏት።»

እማዬ የጡረታውን ገንዘብ ለኋላ ክፍሎች ጣሪያ አስባው ነበር። «ዝናብ ሲመጣ መኪናዋ ውስጥ ልንተኛ ነው?» አለች።

አባቴ መስኮቱን እያየ «ወንበሯ ነጭ ነው?» ብቻ ብሎ ጠየቀ። ያኔ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ።

መኪናዋ ስትገባ ግቢያችን ጠበበ። የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታን፤ የዶሮዎቹን ቤት ወደ ግድግዳው አስጠጋን። አማቻችን ቁልፉን ሲያዞር አንዲት ሴት ተናገረች። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፣ የማይቸኩል፣ የታመመ ሰው አጠገብ እንደሚናገር ሰው ያለ። በማናውቀው ቋንቋ አንድ ረዘም ያለ ነገር ብላ ዝም አለች። እማዬ ሁለት እርምጃ ሸሸች።

«ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

አማቻችን ሳቀ። «መኪናዋ ናት እማማ! ‹እንኳን ደህና መጡ፣ መልካም ጉዞ ይሁንልዎ› ነው የምትለው። የሠለጠነ አገር ዕቃ እኮ ነው፤ ሳይሰላምዎ አይንቀሳቀስም።»

አባቴ ባርኔጣውን አንሥቶ በመስኮቱ ወደ መሪው ጎንበስ አለና «እንኳን ደህና ቆየሽን» አላት።

«እኔን አንድ ቀን እንደዚህ ብለኸኝ ታውቃለህ?» አለች እማዬ። «በስተርጅና ጣውንት አመጣብኝ!»

ተሳሳቅን። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው አማቻችን ነበር። አሁን ያን ሳቅ ሳስታውስ ጥርሴን እነክሳለሁ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣልኝ ብሎ፣ ጧት ጧት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ጓደኛ የለኝም ማለት ይቻላል። ሰው ሲያወራኝ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለሚሄድ አማቻችን «ፈላስፋው» ይለኛል። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ ግን ከሰዓት በኋላ የአባቴ ሹፌር ሆንኩ። እሱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጋዜጣውን ይዞ፣ በስተቀኝ ከኋላ ይቀመጣል። ሥራ አስኪያጆቹ የሚቀመጡት እዚያ ነበር። ከዚያ ሆኖ ያስተምረኛል።

«ጌታ የያዘ ሹፌር ክላክስ አይመታም።»

«እሺ አባባ።»

«ፍሬን ስትይዝ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውሃ መነቃነቅ የለበትም። አሁን ደፋኸው።»

«ውሃ የለም እኮ አባባ።»

«ቢኖር ብዬ ነው የምነግርህ!»

በየቀኑ አንዲት ዙር እንሄዳለን፤ እስከ ድልድዩ ቁልቁል፣ በገበያው ዞረን፣ ሽቅብ ወደ ቤት። የትም አንደርስም። ግን በመስታወቱ ሳየው፣ ጋዜጣው ጭኑ ላይ ተዘርግቶ፣ እሱ ሳያነበው ውጪውን እያየ፣ እንዲያ የረካ ፊት ኖሮት አያውቅም። ዝናብ በገባ ጊዜ የኋላ ክፍሎቹ አፈሰሱ። እማዬ ባልዲ እየደረደረች «ግድ የለም፣ ጌታው ደስ ብሏቸዋል» ትላለች።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ካጠብኳት በኋላ አራቱንም በር ዘግቼ ውስጧ እቀመጣለሁ። የሰፈሩ ጩኸት ሁሉ ቁርጥ ይላል፤ ውሃ ውስጥ እንደ ገባህ ነው። ቁልፉን ግማሽ ሳዞረው ሴትየዋ ትናገራለች። የማላየው ሰው ለእኔ ብቻ መናገሩ ደስ ስለሚለኝ ደጋግሜ አስናግራታለሁ። መልክ ሰጠኋት፣ ቤት ሰጠኋት፣ መስኮት አጠገብ ወንበር አስቀመጥኩላት። የምትለውንም እንደሰማሁት በእኛው ፊደል ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሰባት ቃል ይሁን ስምንት የት ላይ እንደሚከፈል አላውቅም፤ ድምፁን ግን አንድም አልዘለልኩም። ዳሽቦርዱን በለስላሳ ጨርቅ እየወለወልኩ እንደ ዜማ እለው ነበር። ይኸው ነው አምስት ወር ሙሉ የሠራሁት።

መኪናዋ መታመም የጀመረችው ቶሎ ነው። በሌላ መኪና ላይ የብረት ሞላ ባለበት ቦታ እሷ የጎማ ፊኛ ነው ያላት፤ አየር ተሞልቶ ይሸከማታል። «ባሉን» ይሉታል። የግራው የኋላ ባሉን ቀዳዳ አለው። ማታ ቀጥ ብላ አቁመናት፣ ጧት ስንነሣ አንድ ጎኗ መሬት ነክቶ፣ እንደ ሰነፈ በሬ ጋደም ብላ እናገኛታለን፤ ሞተሩ ሲነሣ ነው የምትቀናው። ከዚያ መስኮቷ ወርዶ አልወጣ አለ። ከዚያ በዝናብ ጊዜ መስታወቱን የሚጠርገው ፀሐይ ላይ መጥረግ ጀመረ። በእያንዳንዱ ቀን ለአማቻችን እደውላለሁ፤ በእያንዳንዱ ቀን መልስ አለው።

«ትልቅ ሰው ሲተኛ ጎኑን ያጋድም የለ? እሷም ትልቅ ናት።»

ወይም፦ «አንተ ነህ የነካካሃት። ደብተርህን ተው፣ መኪናዋን ተው።»

ወደ ጋራዥ ልወስዳት ስል ደግሞ ይቆጣል። «እነዚህ ቀዳጆች እንዲነኩብህ? የታወቀ ሰው አለኝ፣ እኔ አመጣልሃለሁ።» የታወቀው ሰው መጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን በገበያው መታጠፊያ ላይ አንዲት ሴትዮ ከረጢት ተሸክማ ድንገት ገባችብኝ። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ እግሬ ገደል እንደ ረገጠ ወደ ታች ሄደ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ያዘ። ሴትየዋና የመኪናዋ አፍንጫ መካከል ክንድ የማይሞላ ቦታ ቀረ። ከረጢቷን ጥላ በምላሷ አወረደችብኝ። ስድቡ በሙሉ ይገባኝ ነበር።

«እግርህ ሰንፏል» አለ አባቴ ከኋላ። «በሐሳብ ትሄዳለህ። ብትገላት ኖሮ?»

«አባባ፣ ፍሬኑ...»

«ፍሬኑን እኔ አውቀዋለሁ! ሠላሳ አንድ ዓመት!»

ለአማቻችን ነገርኩት። ሳቅ ብሎ «ትልቅ መኪና ፍሬኑ ለስላሳ ነው፣ ፈላስፋው» አለኝ። «ሚኒባስ አይደለም እንደ በቅሎ የሚንገጫገጨው። ደጋግመህ ለመደው።»

አመንኩት። ግቢ ውስጥ መኪናዋን አቁሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ፍሬን መርገጥ ተለማመድኩ። ጥፋተኛው የእኔ እግር መስሎኝ!

ከዚያ ግብዣው መጣ። አባቴ በመጨረሻ የነዳቸው ሥራ አስኪያጅ እሳቸውም ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት በድርጅቱ ግቢ ሽኝት ይደረግላቸዋል፤ የድሮ ሠራተኞችም ተጠርተዋል። አባቴ ጥሪውን አሥር ጊዜ አነበበው። ምን እንደሚያስብ አልደበቀንም።

«በር ላይ ታቆማታለህ» አለኝ። «ወርደህ ትዞራለህ። የኋላውን በር ትከፍትልኛለህ። እኔ እወርዳለሁ። እሳቸው ደረጃው ላይ ይሆናሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንዴ ከኋላ ስወርድ ይዩኝ።»

ሳምንቱን በሙሉ ስለዚህች ደቂቃ ነው የኖረው። ሙሉ ልብሱ ተተኮሰ፤ ጫማው ተጠረገ። ቅዳሜ ጧት ስንነሣ መኪናዋ በግራ ጎኗ ተኝታለች፤ በዚያን ቀን ግን ሞተሩ ተነሥቶም አልቀና አለች። አባቴ ዞራት፤ አጎነበሰ፤ ቀና አለ። «ተንጋድጄ ልግባ?» አለ። ለማንም አልነበረም።

«ባሉን ፈልጌ እመጣለሁ» አልኩና ወጣሁ።

የመለዋወጫ ሱቆቹ በሙሉ ዓይነቷን ስነግራቸው ሳቁብኝ። አንዱ «ይህችን የገዛ ሰው ሚስቱ ጥላው ሄዳ መሆን አለበት» አለ። ሌላው «ወንድሜ፣ ባሉኑ ከመኪናህ ይበልጣል፣ ሸጠህ ግዛው» አለ። መጨረሻ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ጠቆሙኝ። ባለ ሱቋ ጠና ያለች ሴት ናት፤ መኪኖቹ ከሚመጡበት አገር ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች። መነጽሯን ገፋ አድርጋ «ነጭ ወንበር ያላት ጥቁሯ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ። ታውቂያታለሽ?»

«እንደሷ ያለች እዚህ ከተማ ሁለት የለችም። ባሉኑን እንኳ ያገለገለ አገኝልሃለሁ። ዛሬ ግን አይሆንም።»

ልወጣ ነበር። ግን የዚያን አገር ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ዳግመኛ የት አገኛለሁ? አፍሬ አፍሬ ደብተሬን አወጣሁ። «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይሄ ምን ማለት ነው? መኪናችን ነው የምትለው። ሰላምታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቃል በቃል ምን እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ ነው።»

አነበብኩላት። መጀመሪያ አነጋገሬ አሳቃት። «ድገመው» አለች። ደገምኩት። ሳቋ ጠፋ።

«ሁልጊዜ ይሄን ነው የምትለው?»

«በተነሣች ቁጥር። እንኳን ደህና መጡ ነው አይደል?»

«ማነው እንደዚያ ያለህ? ‹የፍሬኑ ግፊት ጎድሏል፤ መኪናውን አሁኑኑ በአስተማማኝ ቦታ አቁመው ባለሙያ ይጥሩ› ነው የምትለው!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት አልበራም?»

«የለም።»

«ሊኖር ግድ ነው። በግራ በኩል፣ ከታች።»

በግራ በኩል፣ ከታች፣ ጥፍር የምታህል ጥቁር አራት ማዕዘን አለች። የመስታወቱ ጌጥ ትመስለኝ ነበር። በየሳምንቱ በጨርቅ የምወለውላት እኔ ነኝ።

«ፍሬኗን የሚሞላ ፓምፕ አላት» አለች ባለ ሱቋ። «እንደ ልብ በለው። ልቡ ሊቆም ነው፤ ቀስ እያለ ነው የሚቆመው። አንድ ቀን ትይዛለች፣ አንድ ቀን አትይዝም። ያ ‹ዜሮ› የሚሉት ደላላ እኮ ያውቃል! ስድስት ወር ይሆነዋል፣ የዚህችኑ መኪና ፓምፕ ዋጋ ጠይቆኝ፣ ‹ኧረ ይሄ የማይታሰብ ነው፣ በዚህ ሁኔታዋ ሰው ፈልጌላታለሁ› ብሎኝ ስቆ ሄደ።» ቆም አለችና አየችኝ። «ማነው የገዛት?»

«አባቴ» አልኩ። «የሚስቱ አባት።»

ወደ ቤት ስሮጥ ምን እንደማደርገው አስብ ነበር። ሕልም ማለም ካልክ እኔን ጠይቀኝ፤ በዚያ መንገድ ላይ አሥር ጊዜ አንቄዋለሁ። ሴትየዋ፣ ከረጢቷ፣ ክንድ የማይሞላው ቦታ፣ የአባቴ «እግርህ ሰንፏል»፣ ዓይኔን ጨፍኜ ፍሬን ስለማመድ፣ ሁሉም ተራ በተራ ይመጣብኛል። ያቺ የመኪናዋ ጨዋ ሴትዮ በየቀኑ «አቁም» ስትለኝ እኔ ዜማ ሳወጣላት!

ግቢ ስገባ ሁሉም ተሰብስበዋል። አማቻችን ጎኗን በእንጨት ጉማጅ ደግፎ አቅንቷታል፤ እጁን በመሐረብ እየጠረገ «ዜሮ ዜሮ በሏት እንግዲህ!» ይላል። እህቴና ትንሿ ልጃቸው አባቴን ሊሸኙ መጥተዋል። እማዬ የኮቱን ትከሻ ትጠርጋለች። አባቴ ከኋላ ተቀምጧል፤ በሩ ክፍት ነው፤ ባርኔጣው ጭኑ ላይ።

«ና ቶሎ!» አለኝ። ፊቱ እንደ ልጅ በርቷል። «ሰባት ተኩል ሆነ።»

ያን ፊት ሳይ አንድ ጊዜ ብቻ ዝም ልበል አልኩ። አንዲት ዙር ናት፣ በዝግታ ልነዳ፣ ከዚያ እናገራለሁ። መንገዱ ግን በድልድዩ ቁልቁል ነው።

«አባባ፣ ውረድ» አልኩ።

«ምን?»

በሾፌሩ በኩል ገባሁ። ያችን ጥቁር አራት ማዕዘን በጥፍሬ ፈለቀቅኳት። የሽቦ መጠቅለያ ጥቁር ናስትሮ ናት፤ በምላጭ ቅልብጭ ተደርጋ ተቆርጣለች። ቁልፉን አዞርኩ። ሴትየዋ ተናገረች፤ ከናስትሮው ሥር ቀይ መብራት በራ። ናስትሮዋን ጣቴ ላይ ለጥፌ ወጣሁና የተነገረኝን በሙሉ፣ ከነፓምፑ ዋጋ ጥየቃው፣ ነገርኳቸው።

አማቻችን አልደነገጠም። ፈገግ አለ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ደብተር ይዞ ሲያልም ይውላል፤ እንግዲህ ዛሬ ደግሞ ይሄን አለመ። እትዬዋ እኮ ባላንጣዬ ናት፣ ዕቃ ልትሸጥልህ ነው። አባባ፣ ይሄን ልጅ ሰምተው ነው ከእንዲህ ያለ ቀን የሚቀሩት?»

«ወንድምዬ፣ ተው አሁን» አለች እህቴ። «ሰው እንዴት በገዛ አማቱ ላይ እንዲህ ያደርጋል?»

«እሺ» አልኩ። «ውሸቴን ነው። እንግዲያው አንተ ንዳት። ሚስትህንና ልጅህን ከኋላ አስቀምጥና እስከ ድልድዩ ወርደህ ተመለስ። አንተ ከተመለስክ እኔ አባባን ወስጄ፣ ከዚያ መጥቼ፣ ሰው ፊት እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

«እኔ! እኔ!» አለች ትንሿ። በአያቷ በኩል ሮጣ ልትገባ እግሯን አነሣች።

አማቻችን ክንዷን ያዘና መነጨቃት። ሳያስበው ነው። እንዲያ ጠንክሮ እንደሚስባት እሱም አላወቀም፤ ልጅቷ በቂጧ ወድቃ አለቀሰች። እሱ እጁን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን አየ።

«ወንበሩን ታቆሽሻለች ብዬ...» አለ።

እህቴ ልጇን አነሣች። ቀስ ብላ አቧራዋን አራገፈችላት። «አምስት ወር ሙሉ ከአያቷ ጋር ትሂድ ስልህ ‹ወንበሩ ነጭ ነው፣ ታቆሽሻለች› ነበር የምትለኝ» አለች። «አባቴን ግን ያቆሽሻል አላልክም። ወንድሜንም።»

«ስሚኝ እስኪ፣ ላሠራት አስቤ ነበር፣ ትንሽ እስኪቀናኝ...»

«ጣሪያዬ ቢያፈስ አይገድለኝም ነበር!» አለች እማዬ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው። «አንተ ቀባሪ! ጣሪያዬ ቢያፈስ ማንም አይሞትም ነበር!»

አባቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ከተቀመጠበት አልተነሣም። አሁን ወረደ። ባርኔጣውን መቀመጫው ላይ ተወው። ኮቱን አወለቀ፣ አጣጥፎ ለእማዬ ሰጣት። ዞረና ከፊት ተቀመጠ።

«ቁልፉን» አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያ አማቻችንን በመስኮቱ አየው። «ጉማጁን አንሣና ግፋ።»

«ማ... እኔ?»

«ወዴት እንዳትለኝ። ቤትህ ድረስ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ይይዛል።»

«አባባ፣ ለምን የሚጎትት መኪና አልጠራም? ጓደኛዬ እኮ...»

«ሠላሳ አንድ ዓመት እሺ ጌታዬ ስል ኖሬያለሁ» አለ አባቴ። «ዛሬ አንተ ትለኛለህ። ግፋ!»

አማቻችን ወደ እህቴ ዞረ፤ እንድታስጥለው። «ግፋ» አለችው።

ቤታቸው በዚያው ሜዳ መንገድ ላይ፣ ከእኛ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል። መኪናዋ ከሁለት ሺህ ኪሎ ትበልጣለች። ልረዳው እጄን ስዘረጋ፣ ለመርዳት ይሁን ለመምታት አላውቅም፣ አባቴ በመስታወቱ አየኝና «አንተ እንዳትነካ» አለኝ። አንድ ጎኗ እየተጎተተ፣ የኋላ ጎማዋ ከመከለያው ጋር እየታሸ፣ ከግቢያችን ወጣች። ጉልበቱ ታጠፈ፤ የሚያብረቀርቅ ጫማው አስፋልቱ ላይ ተንሸራተተ።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። «ዜሮ! ነዳጅ አለቀብህ?»

«ዜሮ ዜሮ ናት ብለህ የለ፣ እንዴት ትገፋለች?» አለ ጎማ ሠሪው። ሰው ሳቀ። ከኋላ ሚኒባሶች ክላክስ ያንባርቃሉ። አባቴ አይዞርም፤ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ያያል። አማቻችን ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ኮፈኑን፣ ማለቴ የኋላውን ክዳን፣ በሁለት እጁ ተደግፎ ተነፈሰ።

«ይብቃኝ አባባ። ሰው ፊት አዋረዱኝ እኮ።»

አባቴ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ልጄ ሲነዳኝ፣ እኔ ከኋላ ጋዜጣ ገልጬ ጌታ ነኝ ስል፣ አንተ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?»

ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«እጠይቅሃለሁ! ይወስድህ ነበር?»

«...ይወስደኝ ነበር።»

«ግፋ እንግዲህ።»

እህቴ ልጇን ታቅፋ በጎኑ ትሄዳለች። አታየውም፤ ግን አንድ እርምጃም አትቀድመውም። እኔ ከኋላ ነኝ። ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ላቡን ሳይ፣ ሰው ሲስቅበት ስሰማ፣ ያስደስተኛል ብዬ። አላስደሰተኝም። ሰው እኮ የሚስቀው ስለሚገፋ ነው፤ ምን አድርጎ እንደሚገፋ ማንም አያውቅም። ነገ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ተቀምጦ ራሱ ያስቅበታል። ይሄን ሳስብ ይብሱን ነደድኩ።

ደጃቸው ስንደርስ አባቴ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ወረደ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል፤ ሰዓቱን አላየም፣ እኔ ግን አይቼ ነበር፤ ስምንት ከሩብ። ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ ቆመው ሌሎችን እየተቀበሉ ይሆናል።

አማቻችን መዳፉን ዘረጋ። «ቁልፉን ይስጡኝ አባባ። እኔ አስተካክላታለሁ፤ ካልሆነም ቶሎ ሰው ፈልጌላት ገንዘብዎን...»

«ሰው ትፈልግላታለህ» አለ አባቴ። «የማንን አባት?»

ቁልፉን ለእህቴ ሰጣት። «አንቺ ያዢው» አላት። «ሠርቷት ፍሬኗ ሲይዝ ትሰጪዋለሽ። ሳይሠራት የሚገዛ ሰው ይዞ ከመጣ፣ መጀመሪያ ለሰውየው ትነግሪያለሽ። ይህ ከባልሽ ጋር የሚያጣላሽ ከሆነ ቤቴ ያው ያፈሳል እንጂ ክፍት ነው።»

«አባባ፣ ሚስቴን በእኔ ላይ...»

«ዝም በል!» አለችው እህቴ። ቁልፉን ጨበጠች። ልጅቷን መሬት አውርዳ ወደ ቤት እንድትገባ ገፋ አደረገቻት። ከዚያ በሩን ለእሱ ከፍታ ቆመች።

«ግባ» አለችው። «የምነግርህን መንገድ ላይ አልነግርህም። ግባ!»

ገባ። እሷም ተከተለችው፤ በሩ ተዘጋ። እኔና አባቴ በመጣንበት መንገድ፣ በእግራችን ተመለስን።